ፓራፋንጎ የሚታሰርበት ወቅት

ከለንደን በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ኬንት በሚባለው አውራጃ፣ ዮርክስ ሂል የሚሉት ጠባብ የገጠር መንገድ አለ። ዛፎች ከግራና ከቀኝ ተጠማዘው ከላይ ስለገጠሙበት ዋሻ ይመስላል። ርዝመቱ 650 ሜትር አይሞላም፤ ዳገቱ ግን በከፋበት ቦታ ላይ በየ4 ሜትሩ 1 ሜትር ሽቅብ ይቆማል። ካትፎርድ የተባለው የብስክሌት ክለብ በየዓመቱ በኦክቶበር ወር የዳገት ውድድሩን እዚህ ያካሂዳል። ውድድሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1887 ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ከሚካሄዱት የዓለም የብስክሌት ውድድሮች ሁሉ አንጋፋው እንደሆነ ይነገርለታል። ተወዳዳሪው ጥቂት ግራም ለመቀነስ ብሎ የውኃ መያዣውን ይፈታል፤ ከመሪው ላይ የተጠቀለለውን ጨርቅ ሳይቀር ገፎ የሚመጣ አለ። ፈጣኖቹ ከ2 ደቂቃ በታች ጨርሰው ጫፍ ላይ ሲደርሱ፣ ከነብስክሌታቸው እንዳይወድቁ ትከሻቸውን ይዞ የሚያቆማቸው ሰው ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ደግሞ በብስክሌት እንጀራ የሚበሉ አይደሉም፤ ሰኞ ጠዋት መደበኛ ሥራቸው ላይ የሚገኙ አማተሮች ናቸው። ከኤፕሪል ጀምሮ በየሳምንቱ አመሻሽ ላይ 16 ኪሎ ሜትር በግል ሰዓት ሲሽቀዳደሙ ከርመው፣ የዳገቱን ወር እንደ ማሳረጊያ ይጠብቁታል። በወሩ ማብቂያ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1944 ጀምሮ የሚካሄደው የአገር አቀፉ የዳገት ሻምፒዮና ያልፋል፤ በመጨረሻው እሑድ ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ወቅቱም በዚያው ይዘጋል።

በአማርኛ ክረምት ሲባል ጆሯችን የሚሰማው ዝናብ ነው፤ ሰኔ ገብቶ መስከረም እስኪጠባ። የእንግሊዝ ክረምት ግን፣ ብርዱም ዝናቡም እንዳለ ሆኖ፣ ለብስክሌተኛ ከሁሉ በላይ ጨለማ ነው። አዲስ አበባ ላይ የዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚበላለጡት በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ለንደን ላይ ልዩነቱ 9 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። በዲሴምበር ሦስተኛ ሳምንት ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ወጥታ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ሥራ የሚውል ሰው ከሰኞ እስከ ዓርብ መንገዱን በብርሃን አያየውም ማለት ነው። ስለዚህ ውዱ ብስክሌት ተወልውሎ ይሰቀልና አሮጌው ይወርዳል። ጎማው ወፈር ይላል፣ ከፊትም ከኋላም ጭቃና ውኃ የሚከላከል ፓራፋንጎ ይታሰርለታል። ፓራፋንጎው ከባለቤቱ ይልቅ የሚጠቅመው ከኋላ የሚከተለውን ሰው ስለሆነ፣ በክለቦች ዘንድ ያላሰረ ሰው መጨረሻ ላይ ይሰለፋል የሚል ያልተጻፈ ሕግ አለ። አስፋልቱ በረዶ እንዳይሠራ ጨው ይበተንበታል፤ ያ ጨው ካቴና ላይ ካደረና ካልታጠበ በማግስቱ ጠዋት ብርቱካንማ ዝገት ሆኖ ይታያል። የክረምቱ ብስክሌት አሮጌ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

መሣሪያው እንዲህ በጥንቃቄ ሲለወጥ፣ ልምምዱ የሚለወጥበት መንገድ ግን ብዙ ጊዜ ከአባቶች በተወረሰ ልማድ ነው። ልማዱ በአጭሩ ‹‹ክረምት የረጅም ርቀትና የዝግታ ጊዜ ነው፤ ደረት የሚያቃጥል ሩጫ እስከ ፀደይ ይቆይ›› ይላል። የድሮዎቹ የእንግሊዝ ክለብ ጋላቢዎች ይህን የሚያደርጉት ማርሽ በሌለው፣ ፔዳሉ ከኋላ ጎማው ጋር አብሮ በሚዞር ብስክሌት ነበር። በእንዲህ ዓይነቱ ብስክሌት ቁልቁለት ላይ እንኳ እግር አያርፍም። ቀስ እያሉ፣ ብዙ እየሄዱ መሠረት መጣል ነበር ሐሳባቸው። በሐሳቡ ውስጥ እውነት አለበት፤ ግን እሑድ ሙሉ ቀን መንገድ ላይ መዋል ለሚችል ሰው የተሰፋ ልብስ ነው። በሳምንት 4 ወይም 5 ሰዓት ብቻ ለቀረው አማተር ነገሩ ይገለበጣል። ክረምት ሲመጣ እሱ መቀነስ ያለበት ሰዓቱን ነው፤ ጥቂቷን ጠንካራ ልምምድ ግን ማጥፋት የለበትም። ብዙው ሰው የሚያደርገው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው፤ የሰዓቱ ማነስ ጸጸት ስለሚያሳድርበት ያገኛትን ሰዓት ሁሉ በዝግታ ይሞላታል።

ከዚያ በፊት ግን ዕረፍት አለ፤ አማተሩ ከሁሉ የሚፈራውም እሱን ነው። ሰባት ወር የገነባው አቅም በሁለት ሳምንት ቁጭ ማለት የሚናድ ይመስለዋል። ኤድዋርድ ኮይል የተባለው አሜሪካዊ የስፖርት ሳይንስ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ በሚገባ የሠለጠኑ 7 ስፖርተኞችን ለ84 ቀናት ልምምድ አስቁመው ተከታትለዋቸው ነበር። ሰውነታቸው ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛው የኦክስጅን መጠን በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት 7 በመቶ ወረደ፤ 8 ሳምንት ሲሞላ ከመነሻው 16 በመቶ ዝቅ ብሎ እዚያው ረጋ። መጀመሪያ ላይ የሚወርደው በዋናነት ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ነው፤ ይህም የሆነው የደሙ መጠን ራሱ ስለሚቀንስ ነው። ኮይል ከሁለት ዓመት በኋላ ባወጣው ሥራ፣ ለጥቂት ሳምንታት ያረፉ ሰዎችን የደም መጠን በፈሳሽ ሲሞላላቸው ከጠፋው አቅም ጉልህ ክፍል ወዲያው ተመለሰ። በጡንቻ ውስጥ በዓመታት ልምምድ የተዘረጉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ደግሞ 84 ቀን ሙሉ ብዛታቸው አልቀነሰም። በኦክስጅን ኃይል የሚያመነጩት ኢንዛይሞች ግን እየወረዱ ነው የሄዱት፤ ስለዚህ ሁለት ሳምንትና ሁለት ወር አንድ አይደሉም። ሁለት ሳምንት ቢያርፉ የሚጎድለው አብዛኛው ፈሳሽ ነው፤ በጥቂት ቀን ልምምድ ይመለሳል። የጉልበት ቁርጥማቱ፣ የእንቅልፍ መዛባቱ፣ ብስክሌቱን ሲያዩ የሚመጣው መሰላቸት ግን በሌላ መንገድ አይለቅም።

ከዕረፍቱ በኋላ ያለውን ጊዜ በተመለከተ፣ የተመራማሪው የሮበርት ሂክሰን ሥራዎች ዛሬም ድረስ የሚጠቀሱት በከንቱ አይደለም። ሂክሰን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት መጀመሪያና አጋማሽ ላይ፣ ፈቃደኛ ሰዎችን በሳምንት 6 ቀን፣ በቀን 40 ደቂቃ በከባድ ልምምድ ለ10 ሳምንት አሠልጥኖ፣ ከዚያ ለ15 ሳምንት አንድ ነገር ብቻ እየቀነሰ ውጤቱን ይመለከት ነበር። ቀኖቹን ከ6 ወደ 4 ወይም ወደ 2 ሲያወርድ፣ የተገኘው የኦክስጅን አቅም አልወረደም። ደቂቃውን ከ40 ወደ 26 ወይም ወደ 13 ሲያሳጥር እንደዚሁ። በሦስተኛው ሙከራ ቀኑንም ደቂቃውንም ሳይነካ የልምምዱን ጉልበት በአንድ ሦስተኛ ወይም በሁለት ሦስተኛ ሲቀንስ ግን የተገኘው ትርፍ መሸርሸር ጀመረ፤ በሁለት ሦስተኛው ላይ መውረዱ ጎላ። እርግጥ ሙከራዎቹ የተሠሩባቸው ሰዎች የ10 ሳምንት ሠልጣኞች እንጂ ለዓመታት ፔዳል የረገጡ አልነበሩም፤ እዚህ ላይ መጠራጠር ተገቢ ነው። ጥርጣሬውን የሚያቃልለው የኖርዌዩ ተመራማሪ ቤንት ሮነስታድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ጥናት ነው። እነሱ የወሰዱት በሚገባ የሠለጠኑ ብስክሌተኞችን ነበር፤ ወቅቱም ልክ ይኼ የእኛ ወቅት፣ ውድድር ካበቃ በኋላ ያሉት 8 ሳምንታት። አንደኛው ቡድን በዝግታ ብቻ ጋለበ፤ ሁለተኛው በየ7 ወይም በየ10 ቀኑ አንድ ጠንካራ ልምምድ ጨመረበት። ጠንካራ ሲባል በትንፋሽ እጥረት እየተቆራረጠ ቃል የሚወጣባቸው፣ 6 ደቂቃ የሚቆዩ አምስት ወይም 5 ደቂቃ የሚቆዩ ስድስት ጥረቶች ናቸው፤ በድምሩ ከግማሽ ሰዓት አይበልጡም። ይህን የጨመረው ቡድን አቅሙን ይዞ ቆየ፤ በቀጣዩ ወቅትም የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በወር ሦስት አራት ጊዜ ግማሽ ሰዓት ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳው መከራከሪያ የታወቀ ነው፦ ‹‹ታዲያ ፕሮፌሽናሎቹ ለምን በክረምት ስፔን ሄደው በዝግታ ይጋልባሉ?›› እውነት ነው፤ በዲሴምበርና በጃንዋሪ ካልፔን ወይም ማዮርካን ያየ ሰው ቡድኖቹ በየመንገዱ እየተጨዋወቱ ሲያልፉ ያገኛቸዋል። ኖርዌይ የሚሠራው ተመራማሪ ስቲቨን ሳይለርም የታላላቅ የጽናት ስፖርተኞችን ማስታወሻ መርምሮ፣ ከአሥሩ ልምምዳቸው ስምንት ያህሉ ቀላል እንደሆነ አሳይቷል። ይህን ቁጥር የሚጠቅሱ ብዙ አማተሮች ግን ሁለቱን ይረሷቸዋል። ከአሥር ሁለት ጠንካራ ከሆነ፣ በሳምንት አምስት ጊዜ ለሚለማመድ ሰው አንድ ጠንካራ ይደርሰዋል፤ የሳይለር ስሌት ዜሮ ላይ የሚያደርስበት መንገድ የለም። ከዚያም በላይ ፕሮፌሽናሉ በሳምንት 25 ሰዓት ሲጋልብ ብዛቱ ራሱ ሸክም ነው፤ በአምስተኛው ሰዓት ላይ ዝግታውም ያደክማል። አራት ሰዓትን በአራት ቀን ከፋፍሎ በዝግታ የሚጋልብ የቢሮ ሠራተኛ ያ ድካም አይደርሰውም። የዝግታውን መልክ ወሰደ እንጂ ብዛቱን አልወሰደም።

ሌላው ስሕተት ከዚህ በተቃራኒ ያለው ነው፣ ዕድሜውም አጭር ነው። ብስክሌቱን የሚገጥሙበት የቤት ውስጥ መለማመጃ ድሮ አሰልቺ ነበር፤ ሰው ግድግዳ እያየ 40 ደቂቃ መቆየት ይቸግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ዝዊፍት የተባለው ፕሮግራም መጣና ግድግዳው ስክሪን ሆነ፤ ጋላቢው በስክሪኑ ላይ ከሌላ አገር ሰዎች ጋር ይሽቀዳደማል። ለጨለማው ጥሩ መፍትሔ ነው፤ በረዶ ላይ ተንሸራቶ ክንድ ከመስበርም ያድናል። ችግሩ ማክሰኞም ውድድር፣ ሐሙስም ውድድር፣ ቅዳሜም ውድድር መሆኑ ነው። ጠንካራ ልምምድ ይጠቅማል ከተባለ ሁሉንም ማጠንከር አይሻልም ወይ ለሚል ሰው መልሱ እዚያው ማስረጃው ውስጥ አለ፤ ሮነስታድ የሰጠው መጠን በሳምንት ወይም በአሥር ቀን አንዴ ነው። በየሁለት ቀኑ የሚሽቀዳደም ሰው እግሩ ስለሚዝል፣ ጠንካራ ብሎ የጀመረው ልምምድ ሳያውቀው መካከለኛ ይሆንበታል፤ አልቀለለም፣ አልከበደም። ፌብሩዋሪ ላይ የሚሰለቸውም እሱ ነው። (ቤት ውስጥ ነፋስ ስለሌለ ላቡ መሪው ላይ ይንጠባጠባል፤ ያለ ቬንትሌተር የተቀመጠ ሰው ቀድሞ የሚያሸንፈው ሙቀቱ ነው፤ ብሎኖቹንም የሚያዝገው ከመንገዱ ጨው ጎን ለጎን የራሱ ላብ ነው።)

ከሁሉ ይበልጥ የሚከብደው ተቃውሞ ሳይንስ የሚነካው አይደለም። አማተር ማለት ወዶ የሚያደርግ ሰው ነው፤ ለእሱ የእሑድ ጠዋቱ የክለብ ጉዞ፣ መሐል ላይ ተቁሞ የሚጠጣው ቡናና የሚበላው ኬክ ከኦክስጅን አቅም ሊበልጥበት ይችላል። ይህን ሰው በቁጥር መርታት አይቻልም፣ አያስፈልግምም። የቀረበው ሐሳብ ከእሑዱ ጉዞ ጋር አይጣላም፤ እንዲያውም ያስፈልገዋል። ጠንካራዋ ልምምድ ግማሽ ሰዓት ከወሰደች የቀረው ጊዜ ሁሉ ቀላል ነው፣ ቀላሉ ደግሞ ከሰው ጋር ሲሆን ያምራል። የሚጎዳው ጉዞው ሳይሆን በጉዞው መሐል አንድ ሁለት ሰዎች ፍጥነት እየጨመሩ ቡድኑን የሚበትኑት ነገር ነው፤ ለደካማውም ለጠንካራውም የማይሆን፣ ለማንም ያልታሰበ ፍጥነት። የድሮዎቹ ክለቦች ይህን የሚከለክል አንድ አዛውንት ከፊት ያስቀድሙ ነበር ይባላል፤ ባያስቀድሙም ኖሮ ማስቀደም ነበረባቸው።

ከእሑዱ ጉዞ የሚተርፍ አንድ ቀን ካለ፣ ብረት ለማንሳት ቢውል ይሻላል። ብስክሌተኛ ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ስለሚውል አጥንቱ የሰውነቱን ክብደት የሚሸከምበት ጊዜ ትንሽ ነው፤ የመንገድ ብስክሌተኞች በተለይ የታችኛው የጀርባ አጥንታቸው ከሌሎች ስፖርተኞች የሳሳ መሆኑ በተደጋጋሚ ታይቷል። ከባድ ብረት ይዞ ቁጭ ብድግ ማለት ለአጥንቱ ያግዛል፤ ሮነስታድ በሌላ ሥራው እንዳሳየው ደግሞ በክረምት 12 ሳምንት የተገነባውን የእግር ጉልበት፣ ውድድሩ ሲጀመር በሳምንት አንዴ ብቻ በማንሳት ማቆየት ይቻላል። ብዙዎቹ ግን ሰውነታቸው ይከብዳል ብለው ስለሚፈሩ ጂም አይገቡም፤ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን የሚነሳ ብረት፣ ከብስክሌቱ ጋር ተደምሮ፣ ማንንም ግዙፍ አያደርግም።

በማርች የመጨረሻው እሑድ ላይ ሰዓቱ ወደ ፊት ይገፋል፤ በኤፕሪል የአመሻሹ የ16 ኪሎ ሜትር ፉክክር ይከፈታል፤ ተወዳዳሪዎቹም እንደገና በአንድ አንድ ደቂቃ ልዩነት ይለቀቃሉ። ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ ፓራፋንጎው መፈታት አለበት። የሚፈታው በትንንሽ ብሎኖች ነው፤ በጨው ተበልተው ቁልፉን አልይዝ የሚሉትም እነሱ ናቸው። ግሪስ የሚቀባቸው ያኔ ሳይሆን በኖቬምበር፣ ሲታሰሩ ነው።