«ኒውዮርክ ወረደ» ሲሏችሁ፦ በስንት?



ዛሬ ዋጋ ከመለጠፌ በፊት ዋጋ ስለምንነጋገርበት ቋንቋ ትንሽ ላውራ። ብዙ ብር የሚፈሰው እዚያ ላይ ነው።

እኔን «ደላላ» ትሉኛላችሁ፤ ቃሉ ከዐረብኛ ነው። ፈረሱላም ከቀይ ባሕርና ከህንድ ውቅያኖስ ነጋዴዎች ጋር የመጣ ነው። ዛንዚባርም ይመዘንበት ነበር፣ ክብደቱ ግን እንደየአገሩ ይለያያል። እኛ ጋ 17 ኪሎ ላይ ረግቷል። እህል ተራ ስትሄዱ ኩንታል፣ ስትከፍሉ ፋቱራ፤ ሁለቱም ከጣልያን ናቸው። አያቶቻችን የተገበያዩበት ጠገራ ብር ራሱ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ መልክና 1780 የሚል ዓመት ያለበት ነው።

የውጭ ቃል ገባ ብዬ አላማርርም። ፈረሱላ ዛሬ የኛ ነው። ገበሬውም ላኪውም እኩል ስለሚያውቁት ለመሸዋወድ አይመችም። ችግሩ ገና ያልለመድናቸው ናቸው፦ ሴንት፣ ፓውንድ፣ ዲፈረንሻል። ላኪው አሳምሮ ያውቃቸዋል፣ አቅራቢው በከፊል፣ ገበሬው ግን ወሬውን ብቻ ነው የሚሰማው። «ኒውዮርክ ወረደ» ከተባለ ደንግጦ ይሸጣል።

መፍትሔው አንድ ቁጥር ነው፦ 37.5

የኒውዮርክ የአረቢካ ዋጋ በፓውንድ ስንት የአሜሪካ ሴንት ተብሎ ነው የሚነገረው። አንድ ውል 37,500 ፓውንድ ነው። ወደ ኪሎ ስትመቱት 17,010 ይመጣል፣ ማለትም 1,000 ፈረሱላ ገደማ! ስለዚህ አንድ ፈረሱላ 37.5 ፓውንድ አካባቢ ነው።

እንግዲህ ኒውዮርክ በ5 ሴንት ወረደ እንበል። 5 ሲባዛ በ37.5፣ 187.5 ሴንት። በፈረሱላ 1.87 ዶላር ማለት ነው። ለምሳሌ ዶላሩን በ150 ብር ብናስበው 281 ብር ገደማ። ገዢው በዚያው ቀን 600 ብር ቀንሱ ካላችሁ ቀሪው የኒውዮርክ አይደለም። «ሌላው ከምን የመጣ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ልብ በሉ፦ ይህ ስሌት ለተዘጋጀ ንጹህ ቡና ነው። ጀንፈል ሲፈለፈል ግማሽ ያህሉ ገለባ ነው፣ እሸቱ ደግሞ ከዚያም በላይ ይቀንሳል። ዲፈረንሻል የሚባለውም እንደየቡናው ዓይነትና ደረጃ ከኒውዮርክ ዋጋ ላይ የሚጨመር ወይም የሚቀነስ ነው፤ ወረደ ሲሏችሁ ኒውዮርኩ ነው ወይስ ዲፈረንሻሉ ብላችሁ ለዩ።

ሌላም ቃል በመንገድ ላይ ነው፦ ጂኦሎኬሽን። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የደን ሕግ ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ይጠይቃል። ከየቦታው ሰብስበን አንድ ላይ ለምንቀላቅል ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቃሉን ቀድሞ የተማረ አቅራቢ ይደራደርበታል፣ ያልተማረው ይቀነስበታል።

37.5ን ስልካችሁ ላይ ጻፏት፣ ገጠር ላለው ዘመዳችሁም ንገሩት። ጥያቄ ካለ ከታች አስቀምጡ።

መልካም ገበያ!