የክፍለ ሀገር አይሮፕላን ማረፊያና የነጋዴው ድርሻ

ከካዛንቺስ እስከ ቦሌ ያለው መንገድ አጭር ስለሆነ፥ በዚህ ሰፈርና በመላው ቂርቆስ የሚነግድ ሰው አይሮፕላንን እንደ ጎረቤቱ ይቈጥረዋል። ደንበኛው ግን በደሴ፥ በጎንደር ወይም በላሊበላ ተቀምጦ ዕቃ የሚጠብቅ ሰው ነው። በደሴ የአንድ ወፍጮ ኩሺኔታ ተሰብሮ ወፍጮው ቆሟል እንበል። ምትኩ የሚገኘው በቂርቆስ ካለ የመለዋወጫ ሱቅ ነው። በአውቶቡስ የተላከ እንደ ሆነ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ በአይሮፕላን ግን በአንድ ሰዓት ገደማ ኮምቦልቻ ወርዶ፥ ከዚያም በመኪና ወደ ደሴ ወጥቶ፥ ወፍጮው በዚያው ቀን ሥራውን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ በልዩ ልዩ ከተሞች የሚኖሩ ነጋድያን «መደበኛ በረራ ይምጣልን» ብለው ቢጠይቁ የሚያስደንቅ አይደለም። ሆኖም በረራ በምን ምክንያት እንደሚመጣ፥ ከመጣም በኋላ ስለ ምን እንደሚቀር አጣርቶ የመረመረ ጥቂት ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፥ በዚያው ዓመት በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ መብረር ሲጀምር ሥራውን የጀመረው በአምስት ሲ-47 አይሮፕላኖች ነበር። መንገደኛው በግራና በቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ጭነቱም በመካከል በገመድ ታስሮ ይሄዳል። መኪና በቀላሉ ከማይገባበት ከደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር ቡና የወጣው በዚህ ዐይነት ነበር። እነዚህ አይሮፕላኖች በሣር ሜዳ ላይ ማረፍ ይችሉ ስለ ነበር፥ ከብቱ የተባረረለት ሜዳ ኹሉ ማረፊያ ነበር ቢባል ማጋነኑ ትንሽ ነው። ዘመኑ እየገፋ ሲሄድ ግን አይሮፕላኑ ከበደ፥ ሜዳውም ጠበበ። የአዲስ አበባው የልደታ ማረፊያ ራሱ ለጄት ስላልበቃ፥ ሥራው በ1955 ዓ.ም. ወደ ቦሌ ተዛወረ። ዋና ከተማው እንዲህ ያለ ችግር ከገጠመው፥ የክፍለ ሀገሩ ሜዳ ምን ሊገጥመው እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ላሊበላም አስፋልት ማኮብኮቢያ እስኪሠራላት ድረስ፥ ክረምት በገባ ቍጥር ሜዳው በዝናብ እየራሰ በረራው ይቋረጥባት ነበር።

አስፋልቱ ከተነጠፈ በኋላም ቢሆን ጕዳዩ አያልቅም። የባሕር ዳር፥ የጎንደር፥ የኮምቦልቻና የላሊበላ ማረፊያዎች ኹሉ ከባሕር ወለል ከ1800 ሜትር በላይ ከፍ ብለው የሚገኙ ናቸው። በከፍታ ቦታ አየሩ የሳሳ ነው፤ የቀትር ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። አየሩ በሳሳ መጠን አይሮፕላኑ ለመነሣት ረዥም መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ማኮብኮቢያው አጭር ከሆነ ያለው አማራጭ ክብደት መቀነስ ነው። የሚቀነሰውም ብዙውን ጊዜ የነጋዴው ጭነት ይሆናል። በዚህ ላይ የነዳጅ ነገር አለ። የአገራችን የአይሮፕላን ነዳጅ ከወደብ በቦቴ የሚመጣ ሲሆን፥ የነዳጅ ማከማቻ ወደሌለው ትንሽ ማረፊያ የሚሄድ አይሮፕላን የመመለሻውን ነዳጅ ከቦሌ ይዞ መነሣት አለበት። ለመመለሻ የተያዘው እያንዳንዱ ኪሎ ነዳጅ ለዕቃ ይውል የነበረ ኪሎ ነው። የማኮብኮቢያ መብራት በሌለበት ስፍራ ደግሞ የሚበረረው በቀን ብርሃን ብቻ ስለሆነ፥ የሰዓት ምርጫው እጅግ ይጠባል። የእሳት አደጋ መኪና፥ የፍተሻ መሣሪያና የሠለጠነ ሠራተኛ ማስፈለጋቸው የታወቀ ስለሆነ አናትትም።

ከኹሉ የሚከብደው ግን የወንበሩ ሒሳብ ነው። አየር መንገዱ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ለአገር ውስጥ መሥመር የሚጠቀምበት ኪው-400 የተባለው ባለ ፕሮፔለር አይሮፕላን ከ70 በላይ መቀመጫ አለው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ደርሶ ቢመለስ፥ 70 በ6 ሲባዛ 420 ወንበር ይሆናል። ይህን ያህል ሰው በየሳምንቱ ከአንዲት አነስተኛ ከተማ መገኘት አለበት ማለት ነው፤ በበዓል ሰሞን ብቻ ሳይሆን በሐምሌና በነሐሴም ጭምር። ባዶ ወንበር ደግሞ እንደ ጨው ወይም እንደ ቆርቆሮ መጋዘን ገብቶ ለነገ አይሸጥም፤ አይሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ኪሳራው የተዘጋ ነው። አየር መንገዶች ይህን ጕዳት ለማቃለል ሁለት ከተሞችን በአንድ ጕዞ ያያይዛሉ። ጎንደርና ላሊበላ ከጎብኚዎች መሥመር ጋር ተያይዘው የቆዩት በዚሁ ዘዴ ነው። ዘዴው ወጪ ይቀንሳል፥ የነጋዴውን ጊዜ ግን ያስረዝማል።

የባቡር ነገር ከዚህ የተለየ ነበር። በ1909 ዓ.ም. ሐዲዱ ለገሃር ሲደርስ፥ ነጋዴው በጣቢያው ዙሪያ ሱቅና መጋዘን መሥራት የቻለው ሐዲድ በአንድ ሌሊት ተነሥቶ የማይሄድ በመሆኑ ነው። አይሮፕላን ግን ሐዲድ የለውም፤ በአንድ የጊዜ ሰሌዳ ለውጥ ወደ ሌላ ከተማ ሊዞር ይችላል። በረራን ተማምኖ በተወሰነ ቀን ዕቃ ለማስረከብ ውል የፈረመ ሰው፥ በረራው ቢቀር መቀጫውን የሚከፍለው እርሱ ነው። ስለዚህ በውሉ ውስጥ የመኪና ጕዞን እንደ ምትክ አስቀድሞ ማስገባት ይገባል።

ጥያቄ የሚያቀርቡ ከተሞች ብዙውን ጊዜ የሕዝባቸውን ብዛትና የታሪካቸውን ጥንታዊነት ይዘረዝራሉ። ይህ ደብዳቤውን ያሳምረዋል እንጂ ወንበር አይሞላም። በእኛ አስተያየት የሚጠቅመው፥ የከተማው ነጋድያን በምክር ቤታቸው አማካይነት በየወሩ ስንት ጊዜ ወደ አዲስ አበባ እንደሚመላለሱ፥ ስንት ኪሎ መድኀኒት፥ መለዋወጫና ናሙና እንደሚያስመጡ፥ በመልሱስ ምን እንደሚልኩ በጽሑፍ ሰብስበው ማቅረባቸው ነው። ሰሊጥና እህል እንደ ወትሮው በከባድ መኪና ይሄዳሉና ከዚህ ቍጥር መግባት የለባቸውም። የቂርቆስና የካዛንቺስ ባለ ሱቆችም፥ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ወደ ሌላ ሰፈር የተዛወሩት ጭምር፥ ወደየትኛው ከተማ ምን ያህል ዕቃ እንደሚልኩ ከደረሰኞቻቸው ሊያወጡት ይችላሉ። የአይሮፕላን ማረፊያዎች አስተዳደር ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ከአየር መንገዱ ጋር በአንድ ግሩፕ ሥር ስለተጠቃለለ፥ ስለ ሜዳውም ስለ በረራውም የሚጻፈው ማመልከቻ የሚገባው ወደ አንድ ቤት ነው።