ያገለገለ መኪና በውክልና፦ ገዢው የውጭ ዜጋ፣ በሊብሬ ላይ የቀረው ስምና የመንገድ ዳሩ አርሶ አደር

በድሬዳዋ ኑሮውን የመሠረተ የውጭ ዜጋ ያገለገለ መኪና ለመግዛት ሲነሣ ከደላሎች ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት ምክር «ስም ለማዛወር ምን አንከራተተዎት? ሻጩ ውክልና ይስጥዎት፤ ቁልፉን ይረከቡ» የሚል ነው። ምክሩ ጊዜና ገንዘብ እንደሚቆጥብ አይካድም። ሆኖም ገንዘቡ ተከፍሎ፣ መኪናው ተነድቶ ከሄደ በኋላም በመዝገብ ላይ ባለቤቱ ሻጩ ሆኖ ይቀራል። የዚህ መዘዝ አደጋ እስኪደርስ ድረስ አይታይም።

የውጭ ዜጋ በኢትዮጵያ መኪና በስሙ ማስመዝገብ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ መልስ ማግኘት አለበት። ይችላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በውጭ ዜጎች ላይ ክልከላ ያኖረው በማይንቀሳቀስ ንብረት ረገድ ነው፤ መኪና ደግሞ ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው። ከባቡሩ ዘመን ጀምሮ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ፈረንሳዊውና ዓረቡ አብረው በኖሩባት ከተማ ጥያቄው ሊያስገርም አይገባም። ከገዢው የሚፈለገው በዋናነት ፓስፖርትና የጸና የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆነ የውጭ ዜጋ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት በሚሰጠው መታወቂያ፣ ሕዝቡ ቢጫ ካርድ በሚለው፣ ጉዳዩን ማስፈጸም ይችላል።

በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ መኪና የሚፈልግ ገዢ ዓይኑን የሚጥለው በአገር ውስጥ ባሉት ላይ ነው። ድሬዳዋ ለጅቡቲ ቅርብ፣ የጉምሩክ ቅርንጫፍም ያለባት ከተማ ናት፤ ስለዚህ መኪናው ቀረጥ የተከፈለበት መሆኑን ማረጋገጥ ከሞተሩ ድምፅ በፊት የሚመጣ ሥራ ነው። በሊብሬው ላይ የሰፈሩት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች በመኪናው አካል ላይ ከተመቱት ጋር ፊደል በፊደል መመሳከር አለባቸው። ሰሌዳውም ብዙ ይናገራል። በተለመደው ሥርዓት ሰማያዊው ኮድ 2 የግል፣ አረንጓዴው ኮድ 3 የንግድ ሲሆን፣ የዕርዳታ ድርጅትና የዲፕሎማት ሰሌዳ ያላቸው መኪኖች ብዙውን ጊዜ ከቀረጥ ነጻ የገቡ ናቸው። ከቀረጥ ነጻ የገባ መኪና መብቱ ለሌለው ሰው የሚተላለፈው ቀረጡ ተከፍሎ ነው። ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ ባልደረባ የሚገዛ የውጭ ዜጋ በተለይ ይህንን ልብ ማለት ይገባዋል።

ቀጥሎ የሽያጭ ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ጽሕፈት ቤት፣ በተለመደው አጠራር ውልና ማስረጃ፣ ፊት ይፈረማል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛውም መፈረም አለበት። በድሬዳዋ ተፈጻሚ የሆነው የ1992 ዓ.ም. የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ ዋጋ ያለውን የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት አንደኛው ወገን ብቻውን እንዲሸጥ አይፈቅድምና። ዛሬ በ500 ብር የመኪና መስተዋት እንኳ መግዛት ያጠራጥራል፤ ድንጋጌው ግን በቦታው አለ። ሻጩ ውጭ አገር ከሆነ ለመሸጥ የሚሰጠው ውክልና በኢትዮጵያ ኤምባሲና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት። ይህ ውክልና ሽያጩን ለመፈጸም የሚያገለግል እንጂ ሽያጩን የሚተካ አይደለም።

ዕዳና እገዳ አለመኖሩ ተጣርቶ፣ መኪናው የቴክኒክ ምርመራ አልፎ፣ የቴምብር ቀረጡና የአገልግሎት ክፍያው ሲፈጸም የአስተዳደሩ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ሊብሬውን በአዲሱ ባለቤት ስም ያወጣል። ደላላው «ይቅርብዎ» የሚለው ይህንን የመጨረሻ ደረጃ ነው።

ቢቀር ምን ይመጣል? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ መኪናውን የነዳው እርሱ ያልፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ፣ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ግን ነጻ ይወጣል። በፈቃዱ ቁልፉን ያስረከበ ሻጭ ደግሞ ተሰረቅሁ ሊል አይችልም። ገዢውም ቢሆን አልጋ ላይ አልተኛም። በቁጥር 2232 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቋረጣል። ያን ጊዜ ሊብሬው ላይ የሟቹ ስም እንደሰፈረ ጉዳዩ ወደ ወራሾች ይሄዳል፤ ገዢው ደግሞ ዋጋውን የከፈለበትን መኪና ይዞ የፍርድ ቤት ደጅ ይጠናል።

መድኑ ከዚህ ተነጥሎ አይታይም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ ሊነዳ አይችልም፤ ግዴታው ዜግነት አይለይም። የገጠር ጉዳዮችን ለሚከታተለው ለዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የአዋጁ ትርጉም ጎልቶ የሚታየው ከከተማው ክልል ሲወጣ ነው። በቢዮ አዋሌ፣ በዋሂል፣ በጀልዴሳ ወይም በአሰሊሶ አቅጣጫ ግመልና ፍየል መንገድ ያቋርጣል፤ ልጆች ውኃ ይቀዳሉ። ግመሉ የተገጨበት አርብቶ አደር ያጣው የቤተሰቡን ወተትና ጥሪት ነው። በሕጉ ቋንቋ እርሱ ሦስተኛ ወገን ነው፤ እንስሳውም ንብረት ነው።

ሽፋኑ ግን ጣሪያ አለው። አዋጁ ሲወጣ ለሞት የተቀመጠው ከፍተኛ ካሳ 40 ሺህ ብር፣ ለንብረት ጉዳት 100 ሺህ ብር ነበር። መጠኑ የሚሻሻል ስለሆነ ውል ሲገባ ወቅታዊውን ጠይቆ መረዳት ያስፈልጋል። ከጣሪያው የሚያልፈው ካሳ ከባለቤቱ ይጠየቃል። ባለቤት የሚባለው ሊብሬ ላይ የሰፈረው ስም ነው፤ ያ ሰው ከዓመታት በፊት መኪናውን በውክልና ሸጦ ወደ አገሩ የተመለሰ ከሆነ ግን ተጎጂው አርሶ አደር ማንን ይዞ ይሟገታል? ሳይታወቅ ለሚያመልጥ ወይም መድን ለሌለው ተሽከርካሪ ሕጉ የመድን ፈንድ አቋቁሟል፤ ፈንዱ ግን የባለቤትነትን ክርክር አይፈታም።

የሦስተኛ ወገን መድን የገዢውን መኪና አይጠግንም። በደንገጎ ዳገት የሚመላለስ ሰው ሙሉ ሽፋን ቢገባ ይሻለዋል። ሲገባም በውሉ ላይ ያለው ስም በሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ስሞቹ ሲለያዩ የካሳ ጥያቄው ለክርክር ይጋለጣል። መንጃ ፈቃድም እንዲሁ ነው። የመድን ውሎች ነጂው በአገሪቱ ሕግ የጸና ፈቃድ እንዲኖረው በተለምዶ ስለሚጠይቁ፣ የውጭውን ፈቃድ አስቀድሞ ወደ ኢትዮጵያ ፈቃድ ማስቀየር ተገቢ ነው።

በመኪናው ወደ ጅቡቲ ለመሻገር የሚያስብ ሌላ ቢጫ ካርድ ያስፈልገዋል። ይህኛው የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ይባላል፤ በአባል አገሮች ውስጥ በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት ሽፋን ይሰጣል። ጅቡቲም ኢትዮጵያም በሥርዓቱ ውስጥ አሉ። ከትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ጋር የሚያገናኘው ቀለሙ ብቻ ስለሆነ፣ አንደኛውን ይዞ ደወሌ ድንበር ላይ በሌላኛው ምትክ ማቅረብ አይቻልም።