ኦርጋን ተጫዋች በምን ይኖራል?

ለዕረፍት ወደ ዱርቤቴ ገብተን ሳለ ስለ ኦርጋን ስናወራ የሰሙ አንዲት እናት «አርጋኖንማ የዕለት የዕለቱን እደግማለሁ» አሉን። ልጃቸው ደግሞ በሠርግ ቤት በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ባለ ቁልፍ መሣሪያ ማለታችን መሰለው። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፤ ለአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የሚሰጠውም የጸሎት መጽሐፍ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው። እኛ ግን ዛሬ ልንገልጸው ያሰብነው ሦስተኛውን፣ ማለትም በነፋስ የሚናገረውን ትልቁን ኦርጋንና በእርሱ ሙያ የሚተዳደረውን ሰው ነው።

እምቢልታ ሲነፋ ያየ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። አንድ እምቢልታ ብቻውን ዜማ አይጨርስም፤ አንዱ የለቀቀውን ሌላው እየተቀበለ ይሞላዋል። የኦርጋንም ቧንቧ እያንዳንዱ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ታዲያ በመቶና በሺህ የሚቆጠረውን ቧንቧ የሚያናግረው አንድ ሰው ነው፤ በሁለት እጁ በደረጃ የተደረደሩትን ቁልፎች፣ በሁለት እግሩ ደግሞ ከሥር ያሉትን መርገጫዎች ይጫወታል። ነፋሱን ቀድሞ እንደ ቀጥቃጭ ወናፍ ሰዎች ይነፉት ነበር፤ ዛሬ ሞተር ይሠራዋል። የበገና ጅማት ከተመታ በኋላ ድምፁ እየሰለለ ይጠፋል፤ የኦርጋን ድምፅ ግን ቁልፉ እስከተያዘ ድረስ አይደክምም። በዚህ ምክንያት የአሜሪካዊው የጆን ኬጅ አንድ ድርሰት በጀርመን አገር በሃልበርሽታት ከተማ እ.ኤ.አ. በ2001 ተጀምሮ በ2640 እንዲያልቅ ተቀጥሯል። ቁልፎቹን የሚጫናቸው የአሸዋ ከረጢት ነው፤ ለተጫዋቾች መልካም ዜና መሆኑን እንጠራጠራለን።

ወደ እንጀራው እንምጣ። ክራር ተጫዋች መሣሪያውን ትከሻው ላይ አንግቶ ይሄዳል። የኦርጋን ባለሙያ ግን መሣሪያው ከሕንፃው ጋር የተሠራ ስለ ሆነ ወደ መሣሪያው የሚጓዘው ራሱ ነው። ሁለት ኦርጋኖችም አንድ ዓይነት አይደሉም። ስለዚህ ኮንሰርት ሊያሳይ የሄደ ሰው አስቀድሞ ደርሶ የቁልፉን ክብደትና የአዳራሹን ማስተጋባት መልመድ፣ ለያንዳንዱ ክፍል የትኞቹ ቧንቧዎች እንደሚናገሩ መምረጥ አለበት። ብዙዎቹ ታላላቆች ቋሚ ኑሯቸው ከቤተ ክርስቲያን ነበር። ባኽ በዘመኑ ከደራሲነቱ ይልቅ በኦርጋን ተጫዋችነቱ ይታወቅ ነበር። በዘመናዊው ሙዚቃ ስሙ የገነነው ፈረንሳዊው ኦሊቪየ ሜስያንም ከ1931 ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1992 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ በፓሪስ በሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ነበር።

በእኛስ አገር? እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጣው የፖርቱጋል መልእክት ካመጣው ገጸ በረከት አንዱ ኦርጋን ነበር፤ ማኑኤል ደ ማሬስ የሚባል ኦርጋን ተጫዋችም ከመልእክተኞቹ ጋር መጥቷል። ይሁን እንጂ ማሕሌታችን ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ይዞ የሚቆም ነውና ኦርጋን አላስፈለገውም። ይህን እንደ ጉድለት አንቈጥረውም። ነገር ግን ኦርጋኑ ከሌለ ደመወዙም፣ መለማመጃውም፣ መምህሩም አይኖርም።

ለዚህ ምስክር የሚሆኑን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ፣ ኋላም በካይሮ ሙዚቃ ተማሩ። ለንደን ሄደው የመማር ዕድል ቢያገኙ ፈቃድ ተከለከሉ፤ ኀዘናቸው ብርቱ ነበር፤ ወደ ግሸን ማርያምም ሄደው መነኮሱ። ዓለም የሚያውቃቸው በፒያኖ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው ሸክላቸው ላይ ትልቁን የቧንቧ ኦርጋን ሲጫወቱ ይሰማል። የተቀረፀውም ኦርጋኑ በሚገኝበት አገር፣ በኢየሩሳሌም አብያተ ክርስቲያናት ነው። በዚያችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

ይህን የምንጽፈው ከመካከላችን አንዱ፣ የአቸፈር ልጅ፣ ይህን ሙያ አጥብቆ ስለ ተመኘ ነው። ቤተ ሰቡ የሚጠብቁት መምህር ሆኖ እንዲመለስና ታናናሾቹን እንዲያስተምር ነው፤ እርሱም ይህን አይረሳም። ለኦርጋን ግን ባሕር መሻገር ግድ ነው፤ ተምሮ ቢመለስ ደግሞ ዱርቤቴ ላይ የሚቀመጥበት ኦርጋን የለም። አንዳንዶቻችን ተወው እንለዋለን፤ አንዳንዶቻችን አፋችን አልታዘዝ ብሎናል። እርሱ ለጊዜው ፒያኖ እየፈለገ ነው፤ ማታ ማታ ግን መብራት ከጠፋ በኋላ በተኛበት በእግሮቹ የአልጋውን ብረት ሲረግጥ ይሰማናል።