የላክነው ሰደቃ ልጁ ጋ ደረሰ?

ረመዳን ሲጋመስ በስልካችን የሚደርሱን የእርዳታ ጥሪዎች ይበዛሉ። አንገቱን መያዝ ያቃተው ሕፃን ፎቶ፣ ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ቀጥሎ ዱዓ። ውርጌሳ ውስጥ ለኢፍጣር የተሰበሰበ ቤተሰብ ይህን ሲያይ ልቡ ይነካል፤ ያለውን ይልካል። እኛም ልከናል። የላክነው የት እንደደረሰ ግን አብዛኞቻችን ጠይቀን አናውቅም።

ነገሩ ለሀብሩ ሰው ሩቅ አይደለም። ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው የእንቅስቃሴ ችግር የሚመጣው የልጁ አንጎል ከመወለዱ በፊት፣ በምጥ ወቅት ወይም በጨቅላነቱ ሲጎዳ ነው። ምጥ ረዝሞ ሕፃኑ አየር ሲያጥረው፣ ያለ ጊዜው ሲወለድ፣ ከባድ የጨቅላ ቢጫ ወይም ማጅራት ገትር በጊዜው ሳይታከም ሲቀር ይከሰታል። «ጅን ነካው» የተባለው ልጅ ታሪኩ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። የአንጎሉ ጉዳት አይድንም፤ ግን አይባባስም። የሚባባሰው እንክብካቤ ሲታጣ የሚከተለው ነው፦ ጅማቱ ይኮማተራል፣ ዳሌው ይወልቃል፣ ተጋድሞ ሲበላ ምግቡ ወደ ሳንባው ይገባል።

ስለዚህ አንድን ድርጅት ስንመዝን ለኢድ ስንት ካርቶን ዳይፐር እንዳከፋፈለ ብቻ አንጠይቅ። ዳይፐር አይጠቅምም አላልንም፤ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ አዝላ የምትውል እናት ዋጋውን ታውቀዋለች። ነገር ግን ልጁን ቀና አድርጋ እንዴት እንደምታበላው የሚያሳያት ባለሙያ መጥቷል? በልኩ የተሠራ መቀመጫ አግኝቷል? የሚጥል በሽታ ካለበት መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ይደርሰዋል? ከስድስት ወር በኋላስ ተመልሶ የጠየቀው አለ?

«ገንዘቡ ለደመወዝ አለቀ» የሚለው ወሬም ይጣራ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ልጁን የሚያሠራው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ደመወዝ ግን የዓላማው ወጪ እንጂ የአስተዳደር አይደለም። ባለሙያ የማይቀጥር ድርጅት ቆጣቢ ሊመስል ይችላል፤ ልጁ ግን ከተኛበት አይነሳም። ድርጅቶች በየዓመቱ የሥራና የኦዲት ሪፖርት ለባለሥልጣኑ ማቅረብ አለባቸው። የምዝገባ ሰርተፍኬታችሁንና ያለፈውን ዓመት ኦዲት አሳዩን ማለት ድፍረት አይደለም፤ አማና ነው። ሒሳቡ በድርጅቱ ስም ሳይሆን በግለሰብ ስም ከሆነ ቆም ማለት ይገባል።

ዕድሜም አንድ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ሥራ የጀመረው ቼሻየር ኢትዮጵያ መናገሻ ላይ በብዛት የተቀበለው በፖሊዮ የተጎዱ ልጆችን ነበር። ፖሊዮ ሲቀንስ በሩን አልዘጋም፤ እግራቸው ቆልመም ብሎ ወደሚወለዱና ሴሬብራል ፓልሲ ወዳለባቸው ልጆች ዞረ። ችግሩ ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥ ተቋም እንዲህ ይታወቃል። ይህም ቢሆን ሪፖርቱን ከመጠየቅ አያድነውም።

የዘካ ገንዘብ ደግሞ የራሱ ጥያቄ አለው። ከኒሷብ ያለፈና ዓመት የዞረበት 4 ሚሊዮን ብር ያለው ነጋዴ ዘካው 2.5 በመቶ፣ ማለትም 100 ሺህ ብር ነው። ተቀባዮቹ ስምንት ወገኖች መሆናቸው በሱረቱ ተውባ 60ኛ አንቀጽ ተወስኗል። የልጁ ቤተሰብ ድሃ ከሆነ ለመድኃኒቱና ለመንገዱ ሊሰጠው ይችላል። ለማዕከል ግንባታ ሲሆን ግን ብዙ ዑለማዎች ዘካ በድሃው እጅ መግባት አለበት ስለሚሉ፣ ለግንባታው ሰደቃ መስጠት ይሻላል። ድርጅቱ ሁለቱን ለያይቶ ይይዛቸው እንደሆነ መጠየቅ፣ የሰፈሩን ዓሊም ማማከርም ያስፈልጋል።

ፎቶው ራሱ ይከነክነናል። ልጁ አድጎ ያንን ምስል ቢያየው ምን ይሰማዋል? በቀራ 271ኛ አንቀጽ ሰደቃን ደብቆ ለድሆች መስጠት የበለጠ መሆኑን ያስተምራል። ፊት ሳያሳዩ የሚሰበስቡ አሉ፤ እኛ እነሱን እናስቀድማለን።

የመጨረሻው መለኪያ መንገዱ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የደሴና የወልድያ ሆስፒታሎች ተዘርፈው ሳለ የተቋረጠ ሕክምና ብዙ ነው። ዛሬም ከውርጌሳ ልጅ አዝሎ ለአካል ተሃድሶ ደሴ መውጣት የቀን ሥራ መተው፣ የመኪና መክፈል፣ አንዳንዴም ማደር ነው። ለደጋሹ ድርጅት ስንደውል «ከሀብሩ ስንት ልጅ ታያላችሁ? በየስንት ጊዜው? የመንገዱንስ ማን ይከፍላል?» እንበል። መልሱ ቁጥር ከሆነ ከኢድ በፊት እንላክ፤ መልሱ ሌላ ፎቶ ከሆነ ገንዘቡ ጎረቤት ላለችው እናት የደሴ መሳፈሪያ ይሁን።