የቀበሌ ቤትን መልሶ ማከራየት በሸሪዓ ሚዛን

  

ዛሬ በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት ብዙዎችን ስለሚመለከት ጉዳይ እንነጋገራለን። ከመንግሥት በዝቅተኛ ኪራይ ቤት ያገኘ ሰው ቤቱን በውድ ዋጋ ለሌላ ሊያከራይ ይችላልን?

በቅድሚያ የቤቱን ምንነት እንወቅ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራያቸውም ተቀነሰ። ከዚያ በኋላ የገበያው ኪራይ ሲንር የቀበሌው ኪራይ እጅግ ዝቅ ብሎ ቀረ። ይህ ልዩነት ለችግረኛ የተደረገ ድጎማ ነው።

የቡና ለቀማ ወቅት ሲደርስ ሠራተኛው ወደ ከተሞቹ ይጎርፋል፤ ክፍልም ይወደዳል። ፈተናው የሚመጣው ያኔ ነው።

ዑለሞች ስለዚህ ምን ይላሉ? ተከራይ የተከራየውን ቤት ጥቅም ባለቤት ስለሚሆን፣ አከራዩ እስካልከለከለው ድረስ ለሌላ ማከራየቱን አብዛኞቹ ይፈቅዳሉ። ሐነፊዮች ግን ቤቱን ሳያድስ ወይም አንዳች ነገር ሳይጨምርበት ከከፈለው በላይ ቢያገኝ ትርፉን ሶደቃ ያድርገው ይላሉ። ውሉ ማከራየትን ከከለከለ ግን ነገሩ ያበቃል። የሱረቱል ማኢዳህ የመጀመሪያው አንቀጽ ውልን እንድንሞላ አዝዞናልና።

«ኪራዩን የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ማን ተጎዳ?» የሚል አይጠፋም። የተጎዱት ሁለት ናቸው። አንደኛው ተራ የሚጠብቀው ችግረኛ ነው። ሁለተኛው ገንዘቡን ከፍሎ የገባው ሰው ነው፤ ከቀበሌው ጋር ውል ስለሌለው ነገሩ ሲታወቅ ልጆቹን ይዞ ሜዳ ላይ ይወድቃል።

አቅም ያጣች እናት አንዷን ክፍል አከራይታ ለመኖር ብትፈልግስ? በድብቅ አታድርገው፤ ቀበሌውን ታስፈቅድ። ከተፈቀደላት ገቢዋ ሐላል ነው። ኑሮው ተሻሽሎ የራሱን ቤት የሠራ ደግሞ ቁልፉን ይመልስ፤ ለሚቀጥለው ችግረኛ በር ይከፈታልና።

የግል ቤት የምታከራዩ ወንድሞችና እህቶችም ውላችሁን በጽሑፍ አድርጉት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። በክልሎች ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ስለሆነ ከከተማችሁ አስተዳደር ጠይቁ። ሕጉ ባይደርስባችሁም ለድሃ ተከራይ ማዘን አጅር አለው።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን።