መምህሩ ሲደክመው ማን ይደርስለታል?

የዩኒቨርሲቲ መምህር ሲባል ምን ይታያችኋል? ሁለት ሰዓት አስተምሮ ማኪያቶውን ሲጠጣ የሚውል ሰው? ሰፈራችን እንደዚያ ነው የሚለው። እኔ ከ12ኛ ክፍል ባልዘልም ጎንደር ማራኪ ካምፓስ አጠገብ ስለምኖር መምህራኑን ከካፌ እስከ ባጃጅ አውቃቸዋለሁ።

አንዱ ወዳጄ ሌክቸረር ነው። ማታ ፈተና ሲያርም ያመሻል፤ ቅዳሜና እሁድም ያስተምራል፤ ደመወዙ ግን የቤት ኪራይና ጤፍ ላይ ያልቃል። «ድሮ ተማሪ እጁን ሲያወጣ ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ባይጠይቀኝ ብዬ እጸልያለሁ» አለኝ።

እናንተዬ፣ ለዚህ ነገር ስም አለው። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1974 እ.ኤ.አ. «በርንአውት» ብሎ ጽፎበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ሲያብራራው በሽታ አላለውም፤ መላ ያልተበጀለት የሥራ ጭንቀት ውጤት ነው አለ። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ አቅም መሟጠጥ፣ ሥራን መጥላት፣ የሥራ ውጤት ማሽቆልቆል።

ጭንቀት ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። የርክስና ዶድሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1908 እ.ኤ.አ. አይጦችን ሲፈትኑ፣ ሥራው ከባድ ሲሆን መጠነኛ ግፊት እንደሚያተጋ፣ ሲበዛ ግን እንደሚያደናብር አይተዋል።

ታዲያ የኛዎቹ ላይ ምን በዛ? 2015 ዓ.ም.ን አስታውሱ። በዓመቱ መጀመሪያ 12ኛ ክፍልን ከተፈተኑት 50 ከመቶና በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩና የሪሚዲያል ትምህርት ለዩኒቨርሲቲዎች ተጨመረ። በኅዳር የደመወዝ ጥያቄው እስከ ሥራ ማቆም ደረሰ። በሐምሌ የመውጫ ፈተና መጣ፤ ተማሪ ሲወድቅ ጣት የሚቀሰረው መምህሩ ላይ ነው። በ2016 ደግሞ በክልላችን በተነሳው ጦርነት ትምህርት ዘገየ፤ የዘገየው ሁሉ በማካካሻ ተጣደፈ።

ምን ይሻላል? መምህር ሆይ፣ በሳምንት አንድ ቀን ወረቀት አትንካ። ለባልደረባህ ተንፍስ። እንቅልፍ ካጣህ፣ ሆድ ከባሰህና ሳምንታት ካለፉ ሐኪም አማክር፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ ነውር የለውም። ግን ዕረፍት ብቻውን አይበቃም፤ ጫናውን የሚያከፋፍሉ አለቆችም ድርሻ አላቸው።

ተማሪዎችስ? መምህሩ ሲቆጣ «ኩራተኛ» ከማለታችሁ በፊት «ቲቸር፣ ደህና ነህ?» በሉት። የደከመው ሰው ኖት ሊሰጣችሁ ይችላል፤ እንድትወዱት የሚያደርገውን ትምህርት ግን ከየት ያመጣዋል?